ክራምፑስን ለአምስት ዓመት ልጅ ማሳየት? ኦስትሪያ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም_ዘግራዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የምንኖረው ግራዝ ነው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ከመዋዕለ ሕፃናት ስለ ክራምፑስ ሰምቶ መጣ። አንዱ ጓደኛው «ካስቸገርክ በቅርጫቱ ከቶ ይወስድሃል» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ማታ መብራት ሳጠፋ ያለቅሳል፣ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም፣ የበር ደወል ሲጮህ ሮጦ እኔ ላይ ይለጠፋል።

ለማታውቁት፣ ክራምፑስ ማለት ቀንዳም፣ ፀጉራም፣ ረጅም ቀይ ምላሱ የተንጠለጠለ፣ ሰንሰለት የሚጎትት፣ ወገቡ ላይ ትልልቅ ቃጭል ያሰረ፣ በእጁ አርጩሜ የያዘ አስፈሪ ነገር ነው። እንደዚያ የሚለብሱት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ዲሴምበር 5 ማታ፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ዋዜማ፣ ይወጣሉ። በእኛ ኅዳር 26 መሆኑ ነው። ቅዱሱ ጥሩ ልጆችን ይሸልማል፣ ክራምፑስ ያስቸገሩትን ይቀጣል፣ ነገሩ ይሄ ነው።

ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እዚሁ ተወልደው ያረጁ ደግ ሴትዮ ናቸው። «ሰልፉን ውሰጂና አሳዪው፣ ካየው ይለቀዋል» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ልጄን ሰይጣን ላሳይ?» ብሎ ጭራሽ አልሰማም አለ። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ አገሩን የምታውቁ፣ ምን ትላላችሁ?

የደብሩ_ልጅ፦

እህቴ ባለቤትሽ ልክ ነው። እኔ ሊንዝ ነው ያለሁት፣ በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ያመኛል። ጾመ ነቢያት ላይ ሆነን፣ የጌታን ልደት እየጠበቅን፣ ቀንድ ያለው ነገር መንገድ ለመንገድ ሲሮጥ ቆሞ ማየት ለእኛ ልጆች ምን ይጠቅማቸዋል? ይበልጥ የሚከብደኝ ደግሞ የቅዱስ ኒቆላዎስ ስም ከሱ ጋር አብሮ መጠራቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ እንዳነበብኩት ደግሞ ድሮ ከክርስትና በፊት የሚመለክ አምላክ ነበር፣ የሰሜን አውሮፓ የሙታን ንግሥት ልጅ ነው ይላሉ። ታዲያ ምን ቀረ?

ባለተራራው፦

ሰላም። እኔ የምኖረው ጋስታይን ሸለቆ ነው፣ ከሳልዝቡርግ በስተደቡብ ተራራው ውስጥ። ሆቴል ወጥ ቤት እሠራለሁ። አብረውኝ ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በየዓመቱ ክራምፑስ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ከውስጥ ነው የማየው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

እዚህ ሸለቆ ክራምፑስ ብቻውን አይሄድም። ቡድኑ ፓስ ይባላል። ከፊት ቅዱስ ኒቆላዎስ አለ፣ የጳጳስ ልብስ ለብሶ፣ አክሊል ደፍቶ፣ በትረ ሙሴ እንደምንለው ዓይነት በትር ይዞ። መልአክ አለች። ስጦታውን በጀርባው የተሸከመ ባለ ቅርጫት አለ። ከነሱ በኋላ ነው ክራምፑሶቹ የሚመጡት፣ አራትም አምስትም ይሆናሉ። ዲሴምበር 5 እና 6 ማታ በእግር ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ገና ከሩቁ ቃጭሉ ይሰማል።

ቤት ሲገቡ ቅድሚያ የሚገባው ኒቆላዎስ ነው። ልጆቹ ግጥም ይላሉ ወይ ጸሎት ያደርሳሉ። እሱ መጽሐፉን ገልጦ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፉ ያነብላቸዋል። ወላጆች አስቀድመው የነገሩት ነው መቼም። መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዚያ «ይህንን ደግሞ አስተካክል» ይላል። ኦቾሎኒ፣ ዋልነት፣ መንደሪን፣ ፖም ያለበት ከረጢት ይሰጣል። ክራምፑሶቹ በሩ ላይ ያጓራሉ፣ ሰንሰለት ያንቀጫቅጫሉ። ኒቆላዎስ እጁን ሲያነሳ ግን ቀጥ ነው የሚሉት። አንዱም ከሱ አልፎ አይሄድም። እኔ ይህንን ባህል የወደድኩት በዚህች አንድ ነገር ነው። ልጁ ያንን ሁሉ አስፈሪ ነገር ያያል፣ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያስቆመውም ያያል።

መንገድ ላይ ሁለት ፓስ ሲገናኝ ደግሞ ማየት ነው። ኒቆላዎሶቹ ቀድመው ይጨባበጣሉ። ከዚያ ክራምፑሶቹ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። በሬ ነው የሚመስሉት። ሲጨርሱ ተቃቅፈው ይለያያሉ።

ጭምብሉን ደግሞ ብታዩ! ከእንጨት ነው የሚቀረጸው። የተራራ ጥድ ወይ ሊንደን የሚባል ለስላሳ እንጨት ይመርጣሉ። ቀንዱ የእውነት የፍየል ወይ የዋልያ ዘመድ ከሆነው የአልፕስ ፍየል ነው። ለምዱ የበግ ወይ የፍየል ነው። ቃጭሉ ሲጨመር ክብደቱ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ጥሩ ጠራቢ የሠራው ጭምብል ብዙ መቶ ዩሮ ያወጣል፣ ልጆቹ ደሞዛቸውን አጠራቅመው ነው የሚገዙት። ሰው ፊት አውልቆ መታየት ነውር ነው።

አሁን ሰላም፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ጎረቤትሽ የሚሉሽ ሰልፍ ከዚህ የተለየ ነው። የከተማው ሰልፍ ላይ ከየአገሩ የመጡ ማኅበራት በብረት አጥር መሐል ያልፋሉ። ጭስ አለ፣ ችቦ አለ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ አለ፣ ዓይናቸው በባትሪ የሚበራ ጭምብሎች አሉ። ብዙ ጊዜ ኒቆላዎስ የለም፣ ቢኖርም ማንም አያየውም። የሚያስቆም የሌለበት ክራምፑስ ማለት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም አሁን ማታ ለሚያለቅስ ልጅ፣ እኔ አልወስድም ነበር።

በዚሁ_ያደገች፦

ባለተራራው አንተ በጣም አሳምረህ ነው የጻፍከው፣ ግን ወንድ ስለሆንክ ያላየኸው ነገር አለ። እኔ ሳልዝቡርግ አካባቢ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አሥራ ምናምን ዓመት ሲሆነን ዲሴምበር 5 ለሴት ልጆች ሌላ ነበር። አርጩሜው እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ወፍራም ሱሪ ከስር ደራርበን ነበር የምንወጣው። በማግስቱ ትምህርት ቤት እግራችን ላይ ያለውን ሰንበር እንተያይ ነበር፣ አንዳንዷ እንደ ጀብዱ ታወራዋለች፣ አንዳንዷ ዝም ትላለች። ዝም ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከጭምብል ጀርባ ማን እንዳለ ስለማይታወቅ፣ ቂም ያለው ቂሙን ይወጣበታል።

አሁን ብዙ ከተማ ውስጥ ልብሳቸው ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ፣ አጥር አለ፣ ጠጥቶ መሮጥ ክልክል ነው። ይሄ ሁሉ የመጣው ሰዎች ስለተጎዱና ስለተናገሩ ነው። ስለዚህ «ባህል ነው» ተብሎ ዝም የሚባል ነገር አልነበረም፣ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው እየተከራከሩበት ነው እዚህ የደረሰው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በክፍሌ ጥቁር ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዳንዱ የድሮ ጭምብል ፊቱ ከሰል የመሰለ ነው። አንድ ልጅ ወደ ጭምብሉ ጠቁሞ ከኔ ጋር አመሳሰለኝ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሰላም፣ ልጅሽን የሚያስፈራው ጨለማው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ጓደኞቹ ምን እንደሚሉትም ጠይቂው።

የአምስተርዳሙ፦

በዚሁ_ያደገች የጻፈችው ልቤን ነካው። እኛ እዚህ ሆላንድ ያየነውን ነው የምታወራው። የእኛ አገር ቅዱስ ኒቆላዎስ ሲንተርክላስ ነው የሚባለው። አጃቢው ክራምፑስ አይደለም፣ «ጥቁሩ ፒት» የሚሉት ነው። በ1850 አንድ የአምስተርዳም መምህር ባወጣው የልጆች መጽሐፍ ላይ ነው ቅዱሱ ከጥቁር አሽከር ጋር የተሳለው፣ ከዚያ ወዲያ ነው በየቤቱ የገባው። ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ከንፈራቸውን ቀይ አድርገው፣ ፀጉራቸው ላይ ከርዳዳ ዊግ ደፍተው፣ የጆሮ ጉትቻ አንጠልጥለው ይወጡ ነበር። ድሮ ደግሞ ያስቸገረ ልጅን በጆንያው ከቶ ወደ ስፔን ይወስደዋል ይባል ነበር። አስቡት፣ ልጅህ ከሚፈራው ነገር ጋር የቆዳ ቀለሙ አንድ ሲሆን።

ብዙ ሰው ታግሏል። በ2011 «ጥቁሩ ፒት ዘረኝነት ነው» የሚል ቲሸርት ለብሰው የቆሙ ሰዎች ዶርድሬኽት ከተማ ላይ ታስረዋል። ያኔ አገሬው ተቆጣ፣ «ለልጆች በዓል ነው፣ ምን አገባችሁ» አለ። ዛሬ ግን ሲንተርክላስ ሲመጣ በሚደረግለት ብሔራዊ አቀባበል ላይ ፊታቸው ላይ የጭስ ማውጫ ጥላሸት ነካ ነካ ያደረጉ ብቻ ናቸው የሚታዩት። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንኳ በ2020 አመለካከቱ እንደተለወጠ ተናግሯል።

ስለዚህ ለእኛ ለጥቁር ወላጆች የመጀመሪያው ጥያቄ «ያስፈራል ወይ?» አይደለም። የሚያስፈራው ፊት የማን ፊት ነው? ክራምፑስ የፍየል ፊት ከሆነ፣ አውሬ ከሆነ፣ ለሁሉም ልጅ እኩል አውሬ ነው። የሰው ፊት ከሆነ ግን እኔ አልቀበልም።

የደብሩ_ልጅ፦

ጥሩ ተባለ። ግን አሁንም የጣዖቱን ነገር አልመለሳችሁልኝም።

ባለተራራው፦

ወንድሜ እመልስልሃለሁ። የሙታን ንግሥት ልጅ ነው የሚለው የዘመናችን ወሬ ነው። በድሮዎቹ የሰሜን አውሮፓ ጽሑፎች ውስጥ ክራምፑስ የሚባል ስም የለም። በጽሑፍ የምናገኘው ከኒቆላዎስ ጋር የሚዞር ሰይጣን ነው፣ ያውም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ካቶሊኮች ሃይማኖትን በድራማ ሲያስተምሩ በነበረበት ዘመን። ሰንሰለቱን ልብ በል። የታሰረ ነው፣ የተሸነፈ ነው። በክረምት መሐል የሚወጡ ሌሎች ጭምብሎች አሉ፣ ፔርኽተን ይባላሉ፣ እነሱ ከገና እስከ ጥምቀታቸው ባሉት ሌሊቶች ነው የሚሮጡት። ሁለቱ ተቀላቅለው ዛሬ አንድ መስለዋል።

ደግሞ የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሁሌ ደግፋው አልኖረችም፣ በተለያየ ጊዜ ጭምብሉን ከልክላለች። መንግሥትም እንደዚያው። በ1930ዎቹ ኦስትሪያን የያዘው አምባገነን መንግሥት አልወደደውም። በ1950ዎቹ ደግሞ ቪየና ውስጥ «ክራምፑስ ክፉ ሰው ነው» የሚል በራሪ ጽሑፍ ለወላጆች ተበትኗል፣ ልጆችን ይጎዳል ተብሎ። ሰላም የጠየቀችውን ጥያቄ እነሱም ጠይቀዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስታውስህ። ኒቆላዎስ የእኛም ነው። የሜራው ጳጳስ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው ደምሬ ማለት ነው። ስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ያስበዋል። እነሱ ዲሴምበር 6 ያከብራሉ፣ በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ካሰብከው ያው አንድ ቀን ነው።

የደብሩ_ልጅ፦

ታኅሣሥ 10 አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ ስላነሳኸው። እንዲያውም እሱን ካነሳህ የልቤን ልናገር። የቅዱሱ ታሪክ ምንድን ነው? ሦስት ሴት ልጆች የነበሩት፣ ሀብቱን ያጣ አባት ነበር። ልጆቹን ወደ ክፉ ሥራ ሊያሰማራቸው ደረሰ። ኒቆላዎስ ወርቁን በሌሊት በመስኮት ወረወረለት። ለምን በሌሊት? ሰውየው እንዳያፍር ነዋ! ማንም ሳያየው ነው የሰጠው። እናንተ የምታወሩት ኒቆላዎስ ግን የአምስት ዓመት ልጅን ጥፋት በቤተሰብ ሁሉ ፊት፣ በር ላይ አውሬ አቁሞ፣ ከመጽሐፍ ያነባል። ልጁ ያፍራል፣ ከዚያ ይፈራል። እኔ ጭምብሉን እንኳ ልተወው፣ ይሄ ነው የማይዋጥልኝ። የገዛ ወላጆቹ ናቸው እኮ የነገሩበት።

በዚሁ_ያደገች፦

ይሄኛው ትክክል ነው። ጓደኛዬ አልጋ ላይ እንደምትሸና በዘመዶቿ ሁሉ ፊት ተነቦባታል። ዛሬ ራሷ እናት ናት፣ ኒቆላዎስን ቤቷ አታስገባም።

ባለተራራው፦

ያ ነውር ነው፣ እዚህም እንደ ነውር ነው የሚታየው። እኔ የማውቃቸው ኒቆላዎስ የሚሆኑ ሰዎች ወላጅ እንደዚያ ያለ ነገር ጽፎ ሲሰጣቸው አያነቡትም፣ ዘለውት ያልፋሉ። አንዱ አለቃዬ ለረጅም ዓመት ኒቆላዎስ ሆኖ ዞሯል፣ «ልጁ ማረም የሚችለውን ነገር ብቻ ነው የማነብለት» ይላል። ጥርስ መፋቅ፣ ከእህት ጋር አለመደባደብ፣ እንደዚያ።

ኖርዲክ_ሐበሻ፦

ከአውሮፓ ሁሉ የባሰችው አይስላንድ ናት። ግሪላ የምትባል ጭራቅ አለቻቸው፣ ያስቸገሩ ልጆችን በድስት ቀቅላ ትበላለች። አሥራ ሦስት ልጆች አሏት፣ አንድ በአንድ ከተራራ ይወርዳሉ። ለገና አዲስ ልብስ ያላገኘን ሰው የሚበላ ትልቅ ድመትም አላት። የአገሩ ልጆች በጣም ስለተሰቃዩ በ1746 ወላጆች በእነዚህ ፍጡሮች ልጆችን እንዳያስፈራሩ የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። ዛሬ አሥራ ሦስቱ ልጆቿ መስኮት ላይ በተቀመጠ ጫማ ውስጥ ስጦታ የሚያስቀምጡ ተጫዋቾች ሆነዋል። ያስቸገረ ልጅ የሚያገኘው ድንች ነው።

የልጆች_አያት፦

ልጆቼ፣ እኔ ሙኒክ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ዓይኔ ደከም ብሏል፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እዚህም ክራምፑስ አለ፣ በገና ገበያው መሐል ይሮጣሉ፣ አይቻቸዋለሁ።

እኛስ በምን አደግን? በጅብ አይደለም እንዴ? «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣ!» «ጭራቅ ይበላሃል!» ጅቡ ደግሞ የእውነት ነበር። ማታ አጥሩ ሥር ሲጮህ እንሰማዋለን። እኔ ግን ጅቡን እንደዚያ አልፈራሁትም። ቤት ውስጥ ነን፣ እሳት አለ፣ አባባ አለ። የፈራሁት አንድ ቀን እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ተናዳ በሩን ከፈት አድርጋ «ና ውሰዳት!» ያለች ጊዜ ነው። ያንን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጅቡ ሳይሆን በሩን የከፈተችው እናቴ ናት ያስፈራችኝ።

ስለዚህ ሰላም ልጄ፣ አውሬው ይኑር። የአገሩ ነው፣ አንቺ አታጠፊውም። አንቺ ግን ከአውሬው ጋር አትወግኚ። ምግብ እምቢ ሲል «ክራምፑስን እጠራዋለሁ» እንዳትዪ። ባለቤትሽም እንዳይል። ጎረቤትሽም ቢሆኑ፣ ደግ ናቸው ብለሻል፣ በጨዋ ደንብ ንገሪያቸው። ልጁ «ቢመጣ እናቴ ታስቆመዋለች» ብሎ ካመነ ይተኛል።

ሰላም_ዘግራዝ፦

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልን። አነበብኩት፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። እውነቱን ልናገር፣ ጥርሱን አልፋቅ ሲል ባለቤቴ ራሱ አንድ ሁለቴ በክራምፑስ አስፈራርቶታል። አሁን ዝም ብሎ ተቀምጧል።

መምህርት_ዘቪየና፦

እኔ ቪየና ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት በረዳትነት እሠራለሁ፣ እስቲ በሥራ የማየውን ላካፍል።

እኛ ጋ ኒቆላዎስ ያለ ክራምፑስ ነው የሚከበረው፣ እንደዚያ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ኒቆላዎስን እንኳ ከውጭ በድንገት አናስገባም። ልጆቹ የሚያውቋት መምህርት እዚያው ፊታቸው ካባውን ትለብሳለች፣ አክሊሉን ትደፋለች፣ ልጆቹ ራሳቸው በትሩን ያቀብሏታል። ማን እንደሆነች ያውቃሉ፣ ግን ጨዋታው አይበላሽባቸውም። እንዲያውም ይበልጥ ይመሰጣሉ። ጎረቤትሽ «ካየው ይለቀዋል» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። የሚለቀው ግን ቀስ ብሎ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ሰው ሲለብሰው ካየ ነው። በጨለማ፣ በጭስ፣ ድንገት ፊቱ ላይ ቢያጓራበት ግን አይለቀውም፣ ይብስበታል። የአምስት ዓመት ልጅ «ሰው ነው እኮ» ስትዪው አዎ ይላል፣ ጭምብሉ ሲጠጋው ግን ያንን ይረሳዋል።

ብዙ ማኅበራት ከሰልፉ በፊት ቀን ላይ ልጆች ጭምብሉን በእጃቸው የሚነኩበት ሰዓት አላቸው። ወጣቶቹ መሬት ተቀምጠው ልብሱን አንድ በአንድ ይለብሳሉ። ግራዝ አካባቢ ያሉትን ጠይቂ። እዚያ ውሰጂው። አልጠጋም ካለ አታስገድጂው፣ ከሩቅ አይቶ ቢመለስም ጥሩ ነው።

እቤት ደግሞ ክራምፑስን ይሳል። የፈለገውን ያድርገው፣ እግሩን ይሰር፣ ጥርሱን ያውልቅ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ዳቦ ቤቶች ከእርሾ ሊጥ የተጋገረ ክራምፑስ ይሸጣሉ፣ ዓይኑ ዘቢብ ነው፣ አርጩሜም ይይዛል። ከደረቀ ፕሪም በሽቦ የሚሠራም አለ። ፕሪሙን አብራችሁ ሥሩት። እኛ ጋ አንድ በጣም የሚፈራ ልጅ ነበር፣ የዳቦውን ቀንድ መጀመሪያ ገምጦ ለሁላችን አሳየን።

የዲሲው፦

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሆሊውድ በ2015 ፊልም ከሠራበት ወዲህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ኒቆላዎስን ግን የሚያነሳው የለም። አስፈሪ ሹራብ፣ አስፈሪ ኩባያ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ድግስ። ባለተራራው የጻፈውን ሳነብ ነው የጎደለው ምን እንደሆነ የገባኝ።

ባለተራራው፦

የድሮ ፖስታ ካርዶችን ብታይ ግን አዋቂዎችም ሁሌ እንደተጫወቱበት ታያለህ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ «የክራምፑስ ሰላምታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ ካርድ በብዛት ይታተም ነበር። አንዳንዱ ላይ ልጆችን በቅርጫት ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ አበባ ይዞ ቆንጆ ሴት ይለማመጣል። ንግዱ አዲስ አይደለም።

ሰላም_ዘግራዝ፦

እሺ፣ እንግዲህ ከባለቤቴ ጋር የተስማማነውን ልንገራችሁ። የማታውን ሰልፍ አንወስደውም። ጎረቤታችንን ዛሬ አናገርኳቸው፣ ምንም አልከፋቸውም፣ እንዲያውም እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው አልጋ ሥር ተደብቀው እንደነበር አጫወቱኝ። የፕሪሙን ክራምፑስ አብረው ሊሠሩለት ቃል ገብተዋል። ከጓደኛው እናትም ጋር እነጋገራለሁ፣ በዚሁ_ያደገች ያልሽኝንም ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ኒቆላዎስን ብቻ ቤት መጥራት ይቻላል? ባለቤቴም ታኅሣሥ 10ን ሲሰማ ለዚህ ልቡ ተከፍቷል።

ባለተራራው፦

ይቻላል። የሰፈራችሁን ካቶሊክ ደብር ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ የደብሩ ወጣቶች ናቸው የሚዞሩት። ያለ ክራምፑስ ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ የተለመደ ጥያቄ ነው። ኖቬምበር ላይ ቶሎ ተመዝገቢ፣ ቀኑ ይሞላል። ወረቀቱን ስትጽፊ በደንብ ያደረጋቸውን ነገሮች አብዢ። የሚታረመውን አንድ ብቻ ጻፊ፣ ጥርሱን ይሁን። ኒቆላዎስ ሲመጣ ባለቤትሽ ልጁን አቅፎት ይቀመጥ።

ደግሞ ጭምብል የሌለበት፣ ግን የዚሁ የክረምት ባህል የሆነ ነገር ማሳየት ከፈለጋችሁ ኤበንዜ የምትባል ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ሂዱ። ጃንዋሪ 5 ማታ ነው፣ ከእኛ ገና ሁለት ቀን በፊት። ግሎክለር ይባላሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ራሳቸው ላይ ከእንጨትና ከወረቀት የተሠራ ትልቅ፣ ውስጡ የሚበራ ነገር ተሸክመው በጨለማ ይሮጣሉ። አንዳንዱ ኮከብ ነው፣ አንዳንዱ ከሰውየው ይበልጣል። ቃጭሉ ያው የክራምፑስ ቃጭል ዓይነት ድምፅ አለው፣ ልጁ ግን የሚያየው ብርሃን ነው። ከግራዝ በባቡር ሽታይናኽ ኢርድኒንግ ላይ ቀይራችሁ ትደርሳላችሁ።

የደብሩ_ልጅ፦

ይሄኛውን እኔም አያለሁ፣ ለሊንዝ ደግሞ ቅርብ ነው። ሰላም፣ ባለቤትሽ ፈቃደኛ ከሆነ እዚያ እንገናኝ፣ ለልጁም ታሪኩን በስንክሳሩ መሠረት እኔ እነግረዋለሁ። ሌላም መምጣት የሚፈልግ ካለ እዚሁ ይጻፍ። ጾም ላይ ስለሆንን ስንቅ ያዙ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው ቋሊማና በቅቤ የተጠበሰ ነገር ነው። ለልጁ ወፍራም ጓንት አትርሱ፣ ሐይቁ ዳር ይነፍሳል።

በዚሁ_ያደገች፦

እኔም እመጣለሁ። ከሳልዝቡርግ ሦስት ሰው በመኪና መጫን እችላለሁ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።